‹‹ተባይ›› የሚባል ተባይ የለም

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰፈሩ ገና ከእንቅልፉ አልተላቀቀም። በበራችን የሚያልፈው ነጋዴ ግን በድምፅ ማጉያው ቀድሞናል፤ ‹‹የትኋን! የቁንጫ! የበረሮ! የጉንዳን! የአይጥ መድኃኒት!›› ይላል። አምስት ስም ይጠራል፤ በእጁ የያዘው ግን አንድ ዓይነት ፈሳሽ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ፣ እንደ ወተት የነጣ ውኃ። ጽሑፍ የለው፣ ቀን የለው፣ ማን እንደሠራው አይታወቅ።

‹‹መድኃኒት›› መባሉ ራሱ ይገርመኛል። መድኃኒት የሚሰጠው ለታመመ ነው። እዚህ ጋ የታመመው ማነው? አይጧ ናት ወይስ ገዢው? ‹‹መርዝ›› የሚል ጥርት ያለ ቃል እያለን ለገዳዩ የፈዋሽ ስም አወጣንለት። ለሚገደለው ደግሞ ጨርሶ ስም ነፈግነው፤ ‹‹ተባይ›› ብለን ዘጋነው። ዛሬ የምሟገተው ከዚህች ቃል ጋር ነው።

ባለፈው ክረምት ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ የሆነውን ልንገራችሁ። የአከራያችን የልጅ ልጅ እግሩን እያከከ ያለቅሳል። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። በዚያው ሰሞን ሴትዮዋ አንሶላ ሲያራግፉ ጥቋቁር ነገሮች አዩ። እኔን ጠሩኝና በሹክሹክታ ‹‹ተባይ ገብቶብናል›› አሉኝ።

‹‹እትዬ፣ ምን ዓይነት ነው?›› አልኳቸው።

‹‹ምን ዓይነት ይኖረዋል ልጄ? ተባይ ተባይ ነዋ! ደግሞ ድምፅህን ቀነስ አድርግ፣ ጎረቤት ይሰማል።››

ያው የቅዳሜው ነጋዴ ተጠራ። ሁለት ጠርሙስ ተገዛ። ሥራው እንደተለመደው ለቤት ሠራተኛዋ ተሰጠ። ልጅቷ ያለ ጓንት፣ አፍና አፍንጫዋን ሳትሸፍን፣ በመጥረጊያ እየነከረች ፍራሹን፣ አልጋውን፣ ግድግዳውን ረጨች። ‹‹መድኃኒቱ እንዳይወጣ›› ተብሎ መስኮቱ ተዘግቷል። ማታ ላይ ራሷን አመማት፣ ላብ አጠመቃት፣ ምራቋ ያለማቋረጥ ይፈስ ጀመር፣ አስመለሳት። ወተት አጠጧት። (ወተት ለዚህ ዓይነቱ መርዝ ማርከሻ አይደለም። ይህን ስል የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ።) ሌሊቱን ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን።

ሀኪሙ ‹‹ምን ነክታ ነው?›› ሲል ጠየቀ። ‹‹የተባይ መድኃኒት›› አልን። ‹‹የቱን?›› አለ። ጠርሙሱን አሳየነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የውኃ ስም ነው! ስም ለሌለው ነፍሳት ስም የሌለው መርዝ ገዝተን፣ አሁን ደግሞ ስም ለሌለው ሕመም መፍትሔ ፍለጋ ቆመናል። ደግነቱ ሀኪሙ የዓይኗን ብሌን አየ፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። ነርቭን ከሚያውኩት፣ ማላታይን ከሚመደብበት ወገን መሆኑን ከዚያ ገመተና አትሮፒን ወጋት። ልጅቷ ተረፈች። ብሌኗ ባይናገርላት ኖሮ እኛ የምንናገርላት አልነበረንም።

በማግሥቱ ከአንሶላው እጥፋት ከእነዚያ ጥቋቁር ነገሮች አንዱን ለቅሜ በጋዜጣ ማንበቢያ አጉሊ መነጽሬ ተመለከትኩት። እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደፊት የወጣ አፍ አለው። ነቀዝ! ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ማዶ ባለው ዕቃ ቤት ከገጠር የመጣ አንድ ኩንታል ስንዴ ተቀምጧል፤ ነቀዙ ከዚያ እየወጣ ነው አልጋው ላይ የሚንሸራሸረው። ነቀዝ ሰው አይነክስም። የልጁን እግር የበላውስ? ግቢው ውስጥ የታሰረው ውሻ ቁንጫ። ማለትም ነቀዝ ታየ፣ ቁንጫ ነከሰ፣ ትኋን ተጠረጠረ፣ ሰው ተመረዘ። ስንዴው ደግሞ ማንም ሳይነካው ከነነቀዙ ቁጭ ብሏል።

እዚህ ላይ ‹‹ታዲያ ነቀዝ መሆኑ ቢታወቅ ምን ይለወጥ ነበር?›› የሚል አይጠፋም። ሁሉም ነገር! ስንዴው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተነፍቶ፣ በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ቢቀመጥ ጉዳዩ ያልቅ ነበር። ገበሬዎቻችን ጤፍ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ፤ ደቃቋ የጤፍ ፍሬ በእህሉ መካከል ያለውን ክፍተት ስለምትሞላ ነቀዙ እንደልቡ አይንቀሳቀስም። ግን ስሙን ማወቅ ብቻውን አያድንም። ለነቀዝም ነጋዴው ክኒን አለው። ያ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ለጎተራና ለመጋዘን የተሠራ ነው፤ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ ሰው በማያድርበት ቦታ። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል፤ ለመርዙ ደግሞ ማርከሻ የለውም። በዚያ ሌሊት የአከራዬ ጥርጣሬ ትኋን ላይ ማረፉ ምናልባት አትርፎናል።

ትኋንማ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አዋቂው የምስር ፍሬ ያክላል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ክንፍ የለውም፣ አይዘልም። ዘሎ ያመለጠህ ቁንጫ እንጂ ትኋን አይደለም። ቁንጫ ከጎንና ከጎኑ የተጨፈለቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው ከጉልበት በታች ነው። የትኋን ምልክቱ ፍራሹ ስፌት ላይ፣ የአልጋው መጋጠሚያ ላይ እንደ ቀለም የተንጠባጠቡ ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ቁንጫ ሆኖ ከተገኘ ውሻውንና ድመቱን ማጠብ፣ ወለሉን ደጋግሞ መጥረግ ነው፤ እጮቿ የሚያድጉት አቧራ ውስጥ ነውና። ትኋን ከሆነ የአልጋውን ልብስ በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ፣ አልጋውን ፈታትቶ ስንጥቁን ማሳደድ፣ ከሳምንታት በኋላ እንደገና መመለስ ነው። ሙቀት ዕንቁላሉን ሳይቀር ይገድለዋል። መርዙ ግን ብዙ ጊዜ ዕንቁላሉን አይነካውም፤ አዋቂውም ቢሆን ከለመደው ቆይቷል። ዲዲቲን የተባይ መግደያነት ያረጋገጠው ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ሽልማቱና ሽንፈቱ እኩል ደረሱ ማለት ነው።

ደግሞም ትኋን ደም ይጠጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ በቤት ውስጥ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ሲያስተላልፍ አልታየም። በሽታ የምታስተላልፈው ሌላዋ ናት፤ የልብስ ቅማል። ግርሻን የምታመጣ እሷ ናት፤ ተስቦንም እንዲሁ። ከጭንቅላት ቅማል ጋር መልካቸው ይመሳሰላል፣ ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። አንዷ ፀጉር ላይ ትኖራለች፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘዋት ይመጣሉ፤ ማበጠሪያ ይበቃታል። ሌላዋ ልብስ ስፌት ውስጥ ተደብቃ የምትኖር የመጨናነቅ፣ የብርድና የውኃ እጦት ልጅ ናት፤ የምትጠፋው ልብሱ ሲቀቀል ነው። ሁለቱንም ‹‹ተባይ›› ብሎ ጭንቅላት ላይ ነጭ ጋዝ የሚያፈስ ቤተሰብ አንዷን በከንቱ ያሠቃያል፣ ሁለተኛዋን በሰላም ያሳድጋል።

ያላጠፋው የሚቀጣበትም አለ። ከጎን በኩል፣ ወይ ፊት ላይ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚያቃጥል ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ ‹‹ሸረሪት ሸንታብኝ ነው›› የሚል ስንት ሰው አለ! አልማዝ ባለጭራ ነው እኮ። ሸረሪቷ ከደሙ ንጹሕ ናት። በልጅነታችን ጉድፍ ያስወጣብን ቫይረስ ለዓመታት በነርቭ ውስጥ አድፍጦ ይቆይና አቅማችን ሲደክም ይነሳል። መድኃኒቱ (ይኼኛው የእውነት መድኃኒት ነው) በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ቢጀመር ይመረጣል። ዓይን አጠገብ ከወጣ ደግሞ የዓይን ብርሃን ጉዳይ ነው። እኛ ያንን ጊዜ ሸረሪት በማሳደድ እንፈጀዋለን። የሸረሪት ድር በመጥረጊያ የምንጠርግ፣ እንሽላሊት ግድግዳ ላይ ባየን ቁጥር ጫማ የምንወረውር ሰዎች፣ ማታ ማታ ‹‹ቢምቢ አላስተኛን አለ›› ብለን እናማርራለን። የቢምቢውን በላተኛ ገድለን ቢምቢውን እንከሳለን።

ስለ ቢምቢ ካነሳሁ አይቀር ቀልዱ እዚህ ጋ ያበቃል። ወባን የምታስተላልፈው ቢምቢ ስታርፍ ጅራቷን ወደ ላይ ቀስራ ነው። ተራዋ የቤት ቢምቢ ግን ካረፈችበት ግድግዳ ጋር ትይዩ ሆና ትቀመጣለች። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል። ወባ የገጠር፣ የቆላ፣ ከክረምት በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው እየተባልን አደግን። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ትውልዷ ከደቡብ እስያና ከዓረብ ምድር የሆነ ቢምቢ ተገኘች። ይቺ እንደ ነባሮቹ የዝናብ ኩሬ የምትጠብቅ አይደለችም። ከተማ ትወዳለች፤ በርሜል፣ የውኃ ታንከር፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ነበረ። እነዚህን የምታስተላልፈው ሌላ ቢምቢ ናት፤ የምትነክሰው በቀን ነው፤ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይመክታትም።

ስቴፈንሲን ከአገሬው ቢምቢ መለየት ለባለሙያም ቀላል አይደለም፤ እርግጠኛ ለመሆን በዘረመል ምርመራ ነው የሚታየው። ይህን ከባለአከራዬ አልጠብቅም። የምጠብቀው በርሜላቸውን ከፍተው ሲያዩ ውኃው ላይ የሚውረገረጉትን ‹‹ትል ነው፣ ያው ተባይ ነው›› ብለው ጨልፈው ልብስ ማጠባቸውን እንዳይቀጥሉ ነው። እነዚያ ትሎች የቢምቢ እጮች ናቸው። በርሜሉን በየሳምንቱ አንጠፍጥፎ መፈግፈግና በደንብ መክደን ከሃይላንዱ ጠርሙስ በላይ ይሠራል። ምንም አያስከፍልም። ሰውም አይመርዝም።

እንግዲህ ‹‹ሕዝቡ ድሃ ነው፣ ያልተማረ ነው፣ ነፍሳት መለየት የሊቃውንት ሥራ ነው›› ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ውሸት ነው። አማርኛ ለቅማል ብቻ ሳይሆን ለዕንቁላሏም ቅጫም የሚል ስም ያለው ቋንቋ ነው። ጣት ውስጥ የምትቀበረዋ ሙጀሌ፣ ልብስ የሚበላው ብል፣ እንጨት የሚበላው ምስጥ፣ እህል የሚበላው ነቀዝ፣ ከብት ላይ የሚጣበቀው መዥገር፣ ሁሉም የየራሱ ስም ነበረው። ስሙን ያወጣው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። የጠፋብን ስንማር ነው! እኔ ራሴ በትምህርት ቤት ነፍሳት ስድስት እግርና ሦስት የአካል ክፍል እንዳላቸው ሸምድጃለሁ፤ ፌንጣም ሥዬ አሥር ከአሥር አግኝቻለሁ። የትኋን ጫጩት ግን ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ያውም ከተነከስኩ በኋላ።

ሁለተኛው ምክንያት እፍረት ነው። ‹‹ድምፅህን ቀነስ አድርግ፣ ጎረቤት ይሰማል›› ያሉኝ ሴትዮ ክፉ ሰው አይደሉም። ትኋን ያለበት ቤት የባለጌ ቤት ነው ተብሎ ነው ያደጉት። ስለዚህ ስሙ አይጠራም፤ ካልተጠራ አይጠየቅም፤ ካልተጠየቀ ነጋዴው ብቻ ይመልሳል። ትኋን ግን ጽዳት አይመርጥም፤ በአሮጌ ሶፋም በአዲስ ሻንጣም ይገባል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ እፍረቱን ከግድግዳ ግድግዳ ይዋሰዋል፤ አንዱ በድብቅ ሲረጭ ትኋኑ ወደ ጎረቤት ይሸሻል፣ ጎረቤትም በድብቅ ይረጫል። አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ‹‹እኔ ቤት ትኋን አለ›› ቢል ኖሮ ስንት ጠርሙስ ይተርፍ ነበር?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየጤና ጣቢያው በር ላይ ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ሥዕል አለ፤ መልካም ነው። ከጎኑ አሥር ነፍሳት በመስታወት ውስጥ በትክክለኛ መጠናቸው ይሰቀሉ፤ ከሥራቸው ስማቸውና የሚደረገው በሁለት መስመር ይጻፍ። አራት ኪሎ የሳይንሱ ግቢ ውስጥ የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ ዕውቀቱ ከተማችን ውስጥ ተቀምጧል፣ ወደ ቀበሌ ግን አልወረደም። ስም ያልተጻፈበትን ጠርሙስ መሸጥ ደግሞ ይቁም። ጣሳ በርበሬ ሲሸጥ ሸክላ ተቀላቀለበት ብለን የምንጮህ ሰዎች፣ ትራሳችን ላይ የምናፈሰውን እንኳ ምን እንደሆነ አንጠይቅም።

አከራዬ አሁን የክብሪት ቀፎ አስቀምጠዋል። ቤት ውስጥ የሚያገኙትን ነፍሳት ሁሉ እየያዙ ‹‹እስቲ እየው ልጄ›› ይሉኛል። ሦስቱን አውቄያቸዋለሁ። አራተኛዋ ግን ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች እጭ ናት፤ ከአሮጌ ጋቢ እጥፋት ውስጥ ነው የወጣችው። የብል መስላኝ ነበር፤ ጸጉሯ አላስኬድ አለኝ። ሰኞ አራት ኪሎ ይዣት እሄዳለሁ። ነጋዴው ቅዳሜ ሲያልፍ አከራዬ ጠሩትና ቀፎውን ከፍተው ‹‹ይቺ ማን ትባላለች?›› አሉት። ‹‹ምንም ትባል እማማ፣ ይገድላታል›› አላቸው።