የጤና ዓምድ፦ የባሕሩ ሞገድና የአንጎላችን ሞገድ



በሙቀቱ ወራት ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳሉ። ከጥንታዊው የከተማ ግንብ አጠገብ ሆኖ ባሕሩን የሚመለከት ሰው ሞገዱ ያለማቋረጥ ሲመላለስ ያያል፤ አንዱ ግን ከሌላው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። የአንጎላችን ሞገድም እንዲሁ ነው። የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክ ነው። ይህንን ሞገድ እ.ኤ.አ. በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ራስ ላይ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ሲሆን፣ ምርመራው ኢ.ኢ.ጂ. ይባላል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ለዚህ ምርመራ ሲላክ፣ «ራሱን በኤሌክትሪክ ሊነኩት ነው» ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። መሣሪያው በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካውን የአንጎል ኃይል ያዳምጣል እንጂ ወደ ውስጥ ምንም አያስገባም።

ሐኪሙ ሞገዱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስና ምን ያህል ከፍ እንደሚል ያያል። ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨምራሉ፦ የሚመጣው ሞገድ ካለፈው ተነሥቶ ሊገመት ይችላል? ስቲቨን ፒንከስ በ1991 ባቀረበው ስሌት፣ ኮምፒዩተር የሚመሳሰሉ የሞገድ ቁራጮችን ፈልጎ፣ ተከታዮቻቸውም ይመሳሰሉ እንደሆነ ይቆጥራል። ከተመሳሰሉ ውጤቱ ዝቅ ይላል። በሽታው ሲነሣ ብዙ ሕዋሳት እንደ አንድ ከበሮ ባንድነት ስለሚመቱ፣ ሞገዱ አብዛኛውን ጊዜ ከወትሮው ይልቅ አንድ ወጥ ይሆናል። ሕመሙ የአንጎል እንጂ የርኩስ መንፈስ ሥራ አይደለም።

በእነዚህ ስሌቶች በሽታው ከመነሣቱ በፊት ለማወቅ በ1990ዎቹ ትልቅ ተስፋ ነበር። በረጅም ምዝገባ ሲፈተን ግን ብዙው አልጸናም። ስለዚህ የሚጠብቀው ዛሬም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ነው። አንድ የኢ.ኢ.ጂ. ውጤት ንጹሕ ሆነ ማለትም በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባወጡት ጥናት፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ በሽታው ነበረበት፤ ከሕሙማኑ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ግን ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። እዚህ መድኃኒቱ በኩፓት ሖሊም ይገኛል። ሕመሙን ከሰው መደበቅ ግን ልጁን ከሐኪም ያርቀዋል።

ለሐኪሙም ለመምህሩም ይንገሩ። ልጅዎ ባሕር ብቻውን አይግባ። ከጣለው በጎኑ ያስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ ክብሪት ጭረው አያሽትቱት። ውኃ ውስጥ ከጣለው ራሱን ቀና አድርገው ይዘው ያውጡትና ወደ 101 ይደውሉ። በየብስም ቢሆን ከ5 ደቂቃ ካለፈ እንዲሁ ያድርጉ።