የአጋማሽ ዓመቱ ሰንጠረዥ ለደጋፊዎች ምዘና በቂ አይደለም

የመጀመሪያው ዙር ሲጠናቀቅ ደጋፊዎች የቡድናቸውን ጉዞ የሚገመግሙት በሜዳው በጣለውና ከሜዳው ውጪ ባገኘው ነጥብ እንደነበር ይታወቃል። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ውድድር በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ መካሄዱ ይህን መለኪያ ትርጉም አሳጥቶታል። በስም ባለሜዳ የተባለው ቡድን በአብዛኛው በሌላ ከተማ ይጫወታል። የአስተናጋጅነት ተራ ቀድሞ የደረሰው ከተማ ክለብ በአጋማሹ ከአቅሙ በላይ፣ ተራው የዘገየበት ደግሞ ከአቅሙ በታች ሆኖ ሊታይ ይችላል።

የግብ ብዛትም ብቻውን አያስተማምንም። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር 29 ግቦች በማስቆጠር የሊጉን ክብረ ወሰን ቢያሻሽልም፣ ዋንጫውን ያነሳው ፋሲል ከነማ ነው። በ2003 ዓ.ም ሻምፒዮን ለነበረው ቡና ደጋፊዎች ውጤቱ መራራ መሆኑ አያጠራጥርም።

ጉዳዩ ከስታዲየም ያለፈ ነው። በርካታ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት በመሆኑ፣ በአጋማሽ ዓመት ጫና አሠልጣኝ ከውሉ በፊት ሲሰናበት ካሣው የሚከፈለው ከዚሁ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የክለብ ቦርዶች ከውሳኔ በፊት ቡድኑ በየትኛው ከተማ ከማን ጋር እንደተጫወተ የሚያሳየውን መርሐ ግብር ከሰንጠረዡ ጎን ሊያስቀምጡት ይገባል።