የሩሲያ ቢራ ሲቀመስ ስሙ ይሸፈን

ስለ ሩሲያ ቢራ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን ሩሲያ የቮድካ አገር ናትና ቢራዋ መቅመስ አያሻውም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ባልቲካ የተባለው ቢራ በየዓይነቱ የያዛቸውን ቁጥሮች ደርድሮ 7 ከ3፣ 9 ከ7 ይበልጣል ብሎ ደረጃ ያወጣል። ሁለቱም የሚፈርዱት ስም አይተው ነው። እኔ ግን የሩሲያን ቢራ ለማወዳደር ስም ከመለኪያዎች ሁሉ ደካማው ነው እላለሁ። የተጠመቀበት ፋብሪካና ቀን ከስሙ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ለዚህ ሩሲያ ራሷ ሌላው አገር በቀላሉ የማያገኘው ማስረጃ አላት፤ እሱም ዢጉሌቭስኮዬ የተባለው ቢራ ነው።

አልፍሬድ ፎን ቫካኖ የተባለ ኦስትሪያዊ በቮልጋ ዳር፣ በሳማራ ከተማ የቢራ ፋብሪካ ያቋቋመው በ1881 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፋብሪካው ከሚጠምቃቸው ቢራዎች አንዱ የቪየና ቢራ ይባል ነበር። በ1930ዎቹ የሶቪየት ኅብረት የምግብ ኢንዱስትሪ ኮሚሳር የነበሩት አናስታስ ሚኮያን ይህ ስም ቡርዧዊ ነው ብለው በፋብሪካው ስም ዢጉሌቭስኮዬ እንዲባል አደረጉ። ከዚያ በኋላ ቢራው የሳማራ ብቻ መሆኑ ቀረ። ጎስት በሚባለው የመንግሥት የጥራት ደረጃ ተደንግጎ፣ ከባልቲክ ባሕር እስከ ሩቅ ምሥራቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋብሪካዎች በአንድ ስም ጠመቁት። ድንጋጌው ዝርዝር ነበር፤ ከመብላላቱ በፊት የብቅሉ ፈሳሽ የሚይዘው ንጥር 11 በመቶ፣ አልኮሉ በክብደት ቢያንስ 2.8 በመቶ፣ በቀዝቃዛ ጋን የሚያርፍበት ጊዜ 21 ቀን፣ ሳይበላሽ ሊቆይ የሚገባው ደግሞ 7 ቀን። ጠርሙሱ ላይ ያለውን 11 በመቶ የአልኮል መጠን አድርጎ የሚያነብ ብዙ ነውና እዚህ ላይ ማረም ይገባል፤ ቁጥሩ የሚነግረን ከብቅሉ ወደ ውኃው የገባውን ነው። የሩሲያ ቢራ ዛሬም ሁለቱንም ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይዞ ይወጣል፤ ለቀማሽ ከሁለቱ የበለጠ የሚጠቅመው የንጥሩ ነው።

እንዲህ በጥብቅ የተደነገገ ቢራ የትም ቢጠመቅ አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። አልሆነም። የአንዱ ከተማ ውኃ ጠንካራ ሲሆን መራራነቱ ይጎላል፤ የሌላው ለስላሳ ሲሆን ብቅሉ ይጣፍጣል። ዕቅድ ለማሟላት የተጣደፈ ፋብሪካ 21 ቀኑን ሲያሳጥር፣ እርሾው ሠርቶ ሊያጠፋው የሚገባው የቅቤ ሽታ ቢራው ውስጥ ይቀራል። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ሲሰነብት የረጠበ ካርቶን ይሸታል፤ ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ ብርሃኑ ከሆፕሱ መራራ ቅመም ጋር ተገናኝቶ የሚከረፋ ጠረን ያመጣል። በሶቪየት ኅብረት ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዢጉሌቭስኮዬ ግሩም ነው፣ ሌላው ደግሞ አይጠጣም ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንዱ ሌኒንግራድ፣ ሌላው ታሽከንት የተማረ ከሆነ የጠጡት ስሙ አንድ፣ ቢራው ግን ሁለት ነው። ደንብ ከዚህ በታች አትውረድ ይላል፤ ከዚያ በላይ ያለው የጠማቂው ሥራ ነው።

በ1990 በሌኒንግራድ (በዛሬዋ ፒተርስበርግ) ሥራ የጀመረው ባልቲካም ከዚህ አይወጣም። ቁጥሮቹን እንደ ፈተና ውጤት ማየት ትልቅ ስህተት ነው። 3 ቀለል ያለ ላገር፣ 6 ፖርተር፣ 8 የስንዴ ቢራ፣ 9 ደግሞ 8 በመቶ አልኮል ያለው ጠንካራ ቢራ ነው፤ ቁጥሩ ዓይነቱን እንጂ ጥራቱን አይናገርም። 9ን ከ3 በላይ የሚያስቀምጥ ሰው ያወዳደረው የአልኮሉን ሙቀት ነው፤ ያ ሙቀት ደግሞ የብቅሉን ጣዕም ይሸፍናል። 6 በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከለንደን በባልቲክ ባሕር በኩል ወደ ፒተርስበርግ ይጫን የነበረው ጥቁርና ብርቱ ቢራ ዘር ስለሆነ፣ ወንድሞቹ የፊንላንድና የፖላንድ ፖርተሮች ናቸው፤ መወዳደር ያለበት ከእነሱ ጋር ነው። ባልቲካ ከፒተርስበርግ እስከ ካባሮቭስክ ፋብሪካዎች አሉት። ስለዚህ የሚበጀው ንጽጽር አንዱን ቁጥር ከየፋብሪካው ወስዶ፣ በቅርብ የተጠመቀውንም ከሰነበተው ጋር አቅርቦ መቅመስ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። የሩሲያ መንግሥት በሐምሌ 2023 ባልቲካን ከባለቤቱ ከዴንማርኩ ካርልስበርግ እጅ ወስዶ በጊዜያዊ አስተዳደር ሥር አደረገው፤ ካርልስበርግም በ2024 መጨረሻ ሸጦ ወጣ። ሃይኔከንም የሩሲያ ፋብሪካዎቹን በ2023 በ1 ዩሮ አስረክቦ ሄደ። የባልቲካ ስም ግን እንዳለ ነው። ቢራው ከፍቷል ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ ፍርድ ሳይቀመስ ለዛሬው ጠርሙስ ሊሠራ አይችልም ማለቴ ነው።

ጣዕም እንደየሰዉ ነው፣ ታዲያ ምን ያወዳድሩታል የሚል ይኖራል። መውደድ በእርግጥ እንደየሰዉ ነው፤ ልዩነትን መለየት ግን እንደዚያ አይደለም። ከሦስት ብርጭቆ ሁለቱን በአንድ ቢራ፣ አንዱን በሌላ ሞልቶ ልዩ የሆነውን አውጣ ማለት ይቻላል፤ ደጋግሞ ያወጣው ሰው ልዩነት መኖሩን አስመስክሯል። ከሶቪየት ዘመን የወረደውና በሩሲያ ጠማቂዎች ዘንድ የሚሠራበት የ25 ነጥብ ሰሌዳም ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ጥርት ማለቱና ቀለሙ ሦስት ሦስት፣ ጠረኑ አራት፣ ጣዕሙ፣ የሆፕሱ መራራነትና አረፋው አምስት አምስት ነጥብ ይይዛሉ። በጠርሙስ የመጣ ቢራ በአረፋ ሙሉ ነጥብ እንዲያገኝ አረፋው ቢያንስ 40 ሚሊሜትር ቆሞ 4 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ይህን በማስመሪያና በሰዓት የሚለካ ሰው ስሜቱን አይጽፍም። ሰሌዳው ጉድለት አለው። ቀለሙ ፈካ ላለ ላገር የተሠፋ በመሆኑ ፖርተርን ይበድላል፤ ቀለሙ ጨለማ የሆነ ቢራ ጥርት ማለቱን መዳኘት ያስቸግራልና። ቢሆንም አንድን ዢጉሌቭስኮዬ ከሌላው ለመለየት ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። አልኮል ስንቱን ቤት ባፈረሰበት አገር ስለ ቢራ ጣዕም መጻፍ መጠጥን ማስተዋወቅ አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሩሲያ መጠጥ የቀጠፈው ሕይወት እጅግ ብዙ ነው። ሕጉ እንኳ እስከ 2011 ድረስ ከ10 በመቶ በታች ያለውን ቢራ እንደ ምግብ ያየው ነበር። ሕጉ ተለውጦ በ2013 ሲጸና ቢራ ከየኪዮስኩ ወጣ። ከዚያ በፊት የተጀመሩት የግብር፣ የሰዓትና የማስታወቂያ ገደቦች ተደምረው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው በሩሲያ የነፍስ ወከፍ የአልኮል ፍጆታ ከ2003 እስከ 2016 በ43 በመቶ ወርዷል። እነዚያን ገደቦች እደግፋለሁ። ከጥንቃቄ ቅምሻ ጋርም አይጋጩም፤ ምክንያቱም ብዙ የጠጣ ምላስ መለየት አይችልም። ቀማሽ ከየብርጭቆው ሁለት ሦስት ጉንጭ ይወስዳል፣ በመሐል አፉን በውኃ ይጉመጠመጣል፤ 8 በመቶ አልኮል ያለውም ቢራ የሚቀርበው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከቀረበ የቀሩትን መዳኘት አይቻልም።