ሄምፕ በቆሎን ይተካዋል?

ጀርመን በ2004 (እ.ኤ.አ.) ለባዮጋዝ ተብለው ለሚዘሩ ሰብሎች የተለየ ጉርሻ መክፈል ስትጀምር ገበሬው በቆሎ ዘራ። ደግሞም ዘራ። ነገሩ ስም እስኪወጣለት ድረስ፦ «ፌርማይዙንግ»፣ አገሩ ሁሉ በቆሎ ሆነ እንደማለት። በ2012 ወደ አዳዲስ ማብላያዎች የሚገባው በቆሎና የእህል ፍሬ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ሄምፕን በምትኩ የሚያቀርቡ ወገኖች ክርክር ባዶ አይደለም። ተክሉ ፈጥኖ ያድጋል፣ አረሙን በጥላው ያፍናል፣ ፀረ ተባይም ብዙ አይፈልግም። በስዊድን አልናርፕ የተደረገው ጥናት እርጥቡን በመስከረምና በጥቅምት ግድም አጭዶ ለባዮጋዝ፣ ወይም በረዶውን ማሳ ላይ አሳልፎ ደረቁን ለማገዶ ማዋል እንደሚቻል አሳይቷል። (አጨሰዋለሁ ብሎ ለሚጎመጅ፦ የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው የቲኤችሲ መጠን ከ0.3 በመቶ አያልፍም፤ ትርፉ ሳል ነው።)

ጣጣው የሚመጣው ከአጨዳ በኋላ ነው። ግንዱ እንጨት እንጨት ይላል፤ ጋዝ የሚያወጡት ባክቴሪያዎች ሊግኒኑን አይደፍሩትም። ረጅሙ ቃጫ ደግሞ ማማሰያው ላይ እንደ ገመድ ይጠመጠማል፣ ፓምፕ ይዘጋል። በአብዛኛው እበት የሚበላው የኢትዮጵያ ገጠር ማብላያ ይህን ጭንቅ አያውቀውም። ቃጫውን አድቅቆ መክተፍ መፍትሔ ነው፤ መክተፉ ግን ራሱ ኃይል ይበላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከአንድ ቶን የሚገኘው ሚቴን ከበቆሎው ያንሳል።

ስለዚህ «በቆሎን ይተካል» ብሎ ለገበሬ መስበክ ማታለል ነው። ከበቆሎ ጋር እየተፈራረቀ ቢዘራ ግን መሬቱ ይጠቀማል። ለዚያ ጥቅም የሚከፍል ከሌለ ገበሬው ኪሎዋት-ሰዓቱን ቆጥሮ በሚቀጥለው ዓመት ወደ በቆሎው ይመለሳል፤ ማንም ሊወቅሰው አይችልም።