ያልተዘመረላቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች

የኮምፒውተር ጨዋታ ሲነሣ ለብዙ ወላጆችና መምህራን የሚታያቸው ጊዜ የሚበላ፣ ተማሪን ከትምህርቱ የሚያዘናጋ ነገር ነው። በየሠፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውለውን ወጣት ለሚመለከት ሰው ይህ ስጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። ይሁን እንጂ ጥያቄው «እንጫወት ወይስ አንጫወት?» ሳይሆን «ምን እንጫወት?» መሆን አለበት ብለን እናምናለን። ስለዚህም ስማቸው በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይነሣ ሦስት የቀድሞ ጨዋታዎችን ለአንባቢዎቻችን ልናስተዋውቅ ወደድን።

የመጀመሪያው በኋላ «ሉናር ላንደር» በሚል ስም የታወቀው ጨረቃ ላይ የማረፍ ጨዋታ ነው። የጻፈው ጂም ስቶረር የተባለ አሜሪካዊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲሆን፣ ጊዜውም አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈችበት እ.ኤ.አ. 1969 ነበር። ጨዋታው ሥዕል የለውም፤ ሁሉም ነገር በቁጥርና በጽሑፍ ይገለጻል። ተጫዋቹ በየ10 ሴኮንዱ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያቃጥል ይወስናል። ነዳጁ እየተቃጠለ በሄደ ቁጥር የመንኮራኩሯ መጠነ ቁስ ስለሚቀንስ፣ ያው ግፊት ከበፊቱ ይበልጥ ያዘገያታል። ይህም በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምናውቀው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው። ፕሮግራሙ አጭርና ለማንም የተገለጠ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ባለሙያ መርምሮት ለ2 መካፈል የነበረበት አንድ ስሌት ሳይካፈል መቅረቱን ደርሶበታል። ስሕተቱ 55 ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ኖሯል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1984 ዘ ለርኒንግ ካምፓኒ ያወጣው «ሮቦት ኦዲሲ» ነው። ተጫዋቹ ከምድር በታች ካለች የሮቦቶች ከተማ ለማምለጥ ጠመንጃ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው «ኤንድ»፣ «ኦር» እና «ኖት» የተባሉትን ሎጂክ ጌቶች በሽቦ እያያያዘ ሮቦቶቹ የሚመሩበትን ሰርኪዩት መሥራት ነው። ሮቦቱ ግድግዳ ሲነካ አቅጣጫ እንዲቀይር ከተፈለገ፣ ይህን «ማስተዋል» የሚሰጠው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ጨዋታው ከባድ ነው፤ የዲጂታል ሎጂክ ትምህርት ለጀመረ ተማሪ ግን ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው በዚያው ዓመት ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የተባሉ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት «ኢሊት» ነው። ጨዋታው 8 ጋላክሲዎች፣ በእያንዳንዱም 256፣ በድምሩ 2,048 የሕዋ ሥርዓቶች አሉት። ኮምፒውተሩ የነበረው ሜሞሪ ግን 32 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ዓለም የት ተቀመጠ? መልሱ አልተቀመጠም ነው። የእያንዳንዱ ፕላኔት ስም፣ ቦታና ኢኮኖሚ ከሦስት መነሻ ቁጥሮች፣ የፊቦናቺን ተከታታይ በሚመስል ድምር፣ በተፈለገ ጊዜ ይሰላል። መነሻው አንድ እስከሆነ ድረስ ውጤቱም ሁልጊዜ አንድ ነው።

«የዛሬዎቹ ጨዋታዎች በሥዕልም በድምፅም እጅግ ይበልጣሉ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ውስጣቸው እጅግ የገዘፈና የተዘጋ በመሆኑ ተማሪው ከተጠቃሚነት አያልፍም። ትንሹን ጨዋታ ግን ፈትቶ ማየት፣ መረዳት፣ እንደገናም መሥራት ይችላል። በልጦ የሚታየን ጥቅም ይህ ነው።

እነዚህ ሥራዎች ግን እየጠፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 ከመቶ ያህሉ በገበያ ላይ አይገኙም። የማይታወቅ ነገር የሚቆረቆርለት የለውም።

በመሆኑም የየትምህርት ቤቱ የሳይንስና የኮምፒውተር ክበባት ከጨረቃው ጨዋታ እንዲጀምሩ እንመክራለን። ቀመሩን ከፊዚክስ መጽሐፋቸው ያውጡ፤ ፕሮግራሙን ራሳቸው ይጻፉ፤ ከዚያም ጓደኞቻቸው ስሕተት እንዲፈልጉበት ይስጡ። የመጀመሪያውን የጻፈው እንደ እነርሱ ያለ ተማሪ ነበርና።