ቡታጅራ ሞትን መቁጠር ታውቃለች

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ በአገራቸው ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ በአሜሪካ የውጭ እርዳታ መቋረጥ ሰው አልሞተም ሲሉ ተከራከሩ። ማን ቆጥሮ? በየአገሩ ልደትና ሞትን ይመዘግብ የነበረውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መርሐ ግብር በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የዘጋው ያው የእሳቸው መንግሥት አይደለም?

ቡታጅራ ሞትን መቁጠር ታውቃለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጨረሻ በጀመሩት የገጠር ጤና ፕሮግራም፣ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን በምን እንደሞተ ሲጽፉ ኖረዋል። ለዚህ አገር ሰው «ማንም አልሞተም» ብሎ መናገር ስድብ ነው።

የትራምፕ ሁለተኛ ዘመን የጀመረው ጥር 12፣ በጥምቀት ማግስት ነበር። በዚያው ዕለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ታገደ። ብዙም ሳይቆይ የእኛው ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ሰኔ 24 የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ።

የሚያንገበግበኝ ያፈረሱት የራሳቸውን ቤት መሆኑ ነው። ለኤችአይቪ ሕሙማን የደረሰውን ፔፕፋር የተባለ የእርዳታ መርሐ ግብር በ1995 ያወጁት ጆርጅ ቡሽ ናቸው፤ የትራምፕ ፓርቲ ሰው፣ ሃይማኖተኛና ወግ አጥባቂ። እኛ ዘንድ መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት እድሩ ድንኳኑን ሳያጥፍ ለሌላ ለቅሶ ይተክል እንደነበር የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ቡሽን በኢራቅ ጦርነት እስከ ዛሬ እወቅሳቸዋለሁ፤ በዚህ ግን አመሰግናቸዋለሁ።

«ለነፍስ አድን ሥራ ፈቅደናል» ይላሉ። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ኪኒን ማንንም አያድንም! ወልቂጤ የጅማ መንገድ ላይ ናት፣ ቡታጅራ የሆሳዕና። ሹፌር ያድርባቸዋል፣ መርካቶ የከረመው ወጣት ለመስቀልና ለዓረፋ ይገባባቸዋል፤ ሕመምተኛው አንድ ቦታ ስለማይረጋ ቀጠሮ ያልፈዋል። ቀጠሮ ያሳለፈውን ደውሎ፣ ሰፈሩን አፈላልጎ፣ ጎረቤት ሳይሰማ ወደ ጤና ጣቢያው የሚመልሰው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል። መድኃኒት ባቋረጠ ሰው ላይ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ያገረሻል፤ እርጉዝ ሴት ከሆነች ለልጇም ሊተርፍ ይችላል።

ቁጣዬ ዋሽንግተን ላይ አያበቃም። ሃያ ዓመት ሙሉ የእነዚህን ሠራተኞች እንጀራ በሰው ኪስ ላይ ጥለን የተቀመጥነው እኛ ነን። ማስጠንቀቂያም አልጎደለንም፤ በ2012 ማብቂያ ትራምፕ በሕዳሴ ግድብ ሰበብ እርዳታ ሲይዙብን አይተናል፣ በ2013 መግቢያም ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለው በአደባባይ ሲናገሩ ሰምተናል። ግድቡን በራሳችን ገንዘብ ጨርሰን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 መረቅነው። ለክሊኒኩ ግን ያን ያህል አልቆረጥንም። የጉራጌ ሰው በ1950ዎቹ ተደራጅቶ፣ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው፤ አቅም የለንም የሚለኝን አልሰማም።

የወልቂጤና የቡታጅራ ምክር ቤት አባላት ሆይ፣ በጀት ስታጸድቁ የእነዚህን ሠራተኞች ደመወዝ ከስብሰባ አበል አስቀድሙ። መርካቶ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለመስቀል ስትገቡ ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ በሉ፤ ስንት ሠራተኛ እንደተሰናበተ ጠይቁና የአንዱን ደመወዝ ተካፍላችሁ ክፈሉ።