«ጨጓራ ነው» ብለን የምንመልሳቸው የግቢ ተማሪዎች



ሰሞኑን ኢንቦክሴ በ2 ዓይነት መልእክት ተሞልቷል። አንደኛው ከወላጆች ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ምን ምን መድኃኒት ይዞ ይሂድ?» የሚል። ሁለተኛው ከተማሪዎቹ ከራሳቸው ነው፤ አብዛኛው የሚላከው ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ነው፦ «ዶክተር፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጨጓራዬ ነው መሰለኝ። የሚወሰድ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ለወላጆች መልሴ አጭር ነው። ልጁ አስም፣ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱን በበቂ መጠን፣ የሐኪም ወረቀቱንም አብሮ ይያዝ። ሌላውን እዚያው ያገኛል፤ ሻንጣውን ፋርማሲ አታድርጉት።

ለተማሪዎቹ ግን መልሴ ይረዝማል። እንዲያውም ለእነሱ ብቻ ሳይሆን ለእኛ ለሐኪሞችም፣ ለዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችም ነው። ከአንድ ታሪክ ልጀምር፤ እኔን የማያስመሰግን ታሪክ ነው።

ተመርቄ ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ክሊኒክ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ጠዋት በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ ይሞላል፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ ሰልፉ ከካፌው ሰልፍ ጋር ይወዳደራል። አንዲት የ2ኛ ዓመት ተማሪ መጣች። በዚያ ሴሚስተር 7ኛ ጊዜዋ ነበር። ካርዷን ገለጥኩት፦ መጀመሪያ «ሆዴን ያቃጥለኛል» ብላ ኦሜፕራዞል ተሰጥቷታል። ከዚያ ራስ ምታት፣ ፓራሲታሞል። ከዚያ ድካም፣ የደም ምርመራ፣ ደህና። ከዚያ «ታይፎይድና ታይፈስ»፣ አንቲባዮቲክ። ከዚያ እንደገና ጨጓራ። በየጊዜው ያያት ሌላ ባለሙያ ነው፤ በየጊዜው አንድ ክኒን ተጨምሯል።

እኔስ ምን አደረግኩ? 8ኛውን ሰው ላለማስጠበቅ ቸኩዬ «ቡና ቀንሺ፣ በሰዓቱ ብይ፣ ጨጓራ ነው» አልኳት። ወረቀቱን ተቀብላ በሩ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች። «ሌላ ነገር አለ?» አልኳት። ዓይኔ ግን ቀጣዩ ካርድ ላይ ነበር። «የለም» ብላ ወጣች።

ከ3 ሳምንት በኋላ የዶርም ጓደኛዋ መጣች። «ዶክተር፣ ለሬጅስትራር የሚሆን ወረቀት ይጻፉላት» አለችኝ። ልጅቷ ፈተና ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቦርሳዋን ይዛ ወደ አገሯ ሄዳለች። 2 ወር ሙሉ ሌሊት አትተኛም ነበር። ክፍል መግባት አቁማለች። ምግብ የምታመጣላት ይቺው ጓደኛዋ ነበረች። «አንዳንዴ ማታ ማታ 'ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር' ትለኛለች» አለችኝ። ይህን ሁሉ ያወቀች ልጅ ከክሊኒኩ 200 ሜትር ርቀት ላይ ትኖር ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

ወረቀቱን ልጻፍላት ብዬ ካርዱን አወጣሁ። ምን ብዬ ልጻፍ? 7 ጊዜ መጥታ ካርዱ ላይ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ድብርት የተጻፈ አንድ ቃል የለም። ጨጓራ፣ ጨጓራ፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ። በጨጓራ ደግሞ ሴሚስተር አይራዘምም። ሳታስፈቅድ ስለወጣች ያልተፈተነችው ሁሉ ኤፍ ሆኖ ተመዘገበባት፤ ወደዚያ ግቢም አልተመለሰችም። እንግዲህ ያኔ ነው የገባኝ፦ እኛ የጻፍነው የተሳሳተ ምርመራ መድኃኒት ብቻ አይደለም ያባከነው፣ መመለሻ መንገዷንም ዘጋባት።

እስኪ ቋንቋችንን ልብ በሉት። አማርኛ ስንናገር ሐዘናችን የት ነው ያለው? ሆድ ይብሰናል። ሆዳችን ይባባል። ሆዳችን ይሸበራል። ሆድ ለሆድ እናወራለን። ታዲያ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከፍቶት ክሊኒክ መጥቶ «ሆዴን» ሲል ለምን ይገርመናል? «ድብርት ይዞኛል» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ከስንት አንድ ነው። የሚመጣው ሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ተሸክሞ ነው። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ ሕመሙ እውነት ነው፤ ጭንቀትና ድብርት በሰውነት ላይ እንዲህ ይገለጣሉ።

እንዳትሳሳቱ፣ የጨጓራ ሕመም የለም እያልኩ አይደለም። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ አገራችን ውስጥ በጣም የተስፋፋ ነው። በዚያ ላይ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንደ ከረሜላ የሚወስድ ተማሪ ሞልቷል፤ እነዚህ በእውነትም ጨጓራ ያቆስላሉ። ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ ተመርመሩ። ስለ ታይፎይድም አንድ ነገር ልበል፦ በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል የደም ምርመራ ብቻውን ታይፎይድ አለባችሁ ለማለት አይበቃም። ድሮ የያዛችሁ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ቢሆንም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። በየወሩ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» የምትሉ ተማሪዎች፣ እባካችሁ ቆም ብላችሁ አስቡበት።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከአእምሮ ሕመሞች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ ራስን ማጥፋት ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ይህ ዕድሜ የማን ነው? የግቢ ተማሪ ዕድሜ ነው!

በዚያ ላይ የእኛን ግቢ ጨምሩበት። ከቤቱ ርቆ አድሮ የማያውቅ ልጅ ትምህርት ሚኒስቴር ወደመደበው ግቢ፣ አንዳንዴ ቋንቋውን ወደማያውቀው ከተማ፣ በአውቶቡስ ሲጓዝ ይውላል። ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ዶርም ይገባል። በወረዳው 1ኛ የነበረው ልጅ የመጀመሪያው ሚድ ላይ ከክፍሉ መሃል ይገኛል፤ ይህን ለቤተሰብ መናገር ደግሞ ከውጤቱ ይብሳል። ሬሜዲያል የገባው በጥቂት ወራት ውስጥ «አለፍኩ ወይስ ወደ ቤት?» እያለ ነው የሚያጠናው። የመጨረሻ ዓመቱ ተማሪ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። ስለ ካፌው ብዙ አልልም፤ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው፣ የገበያውን ዋጋ ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነን ካፌ ሆኖ በቀን አንዴ የሚበላውን ልጅ «በሰዓቱ ብላ» ማለት ምክር ነው ወይስ ፌዝ? እኔም ብዬዋለሁ፣ ለዚህ ነው የምጠይቀው።

«ታዲያ ድጋፍ የሚሰጥ የለም?» ትሉኝ ይሆናል። አለ! የተማሪዎች ዲን አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ የምክር አገልግሎት አለ፣ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ አለ፣ ለአካል ጉዳተኞች የተመደበ ባለሙያ ያለበትም አለ። እኔ ባየኋቸው ግቢዎች ችግሩ ሌላ ነው። የምክር ቢሮው ያለው የዲሲፕሊን ጉዳይ በሚታይበት ኮሪደር ላይ ነው። እዚያ በር ላይ የታየ ተማሪ ወይ ተጣልቷል ወይ ኮርጇል ተብሎ ነው የሚታሰበው። የሚከፈተው ጠዋት 2:30፣ የሚዘጋው 11:30፤ ተማሪው ክፍል በሚሆንበት ሰዓት ማለት ነው። ጭንቀት ደግሞ የመንግሥት የሥራ ሰዓት አያውቅም፤ የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ዶርሙ ሁሉ ተኝቶ ጣሪያ ሲታይ ነው። በሺዎች ለሚቆጠር ተማሪ ደግሞ 1 ወይም 2 አማካሪ። እነሱም ቢሆኑ ግማሽ ቀን ስብሰባ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የምክር አገልግሎቱ ከዲኑ ኮሪደር ወጥቶ ክሊኒኩ ውስጥ ይግባ። ክሊኒክ የሚሰለፍ ተማሪ ለጉንፋን ይሁን ለጭንቀት ማንም አያውቅበትም። ቢያንስ በሳምንት ጥቂት ቀን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይከፈት። ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ በተደጋጋሚ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ 2 ጥያቄ ይጠየቅ። እኔ የፈጠርኳቸው አይደሉም፣ በብዙ አገር የሚሠራባቸው ናቸው። ባለፉት 2 ሳምንታት ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ አጥተሃል? ሆድ ብሶህ፣ ጨልሞብህ ወይም ተስፋ ቆርጠህ ነበር? ለእያንዳንዱ «በጭራሽ» ከሆነ 0፣ «አልፎ አልፎ» 1፣ «ከግማሽ በላይ ቀናት» 2፣ «ዕለት ዕለት ማለት ይቻላል» 3። ድምሩ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «ድብርት አለብህ» ማለት አይደለም፤ ግን ሰውየው ሳይጠየቅ በኦሜፕራዞል መሸኘት የለበትም።

በጀት የለም የሚለኝ ኃላፊ አይጠፋም። 2 ጥያቄ ስንት ብር ነው? 1 ደቂቃ ነው። ለ7 ጊዜ ክኒን ከወጣው ይረክሳል።

«የዛሬ ልጆች ሞልቃቃ ናቸው፣ እኛ በኩራዝ ነው የተማርነው» የሚሉም አሉ። አውቃለሁ፣ አባቴም ይለኛል። ግን አብሯችሁ ገብቶ በ2ኛው ዓመት «አበደ» ተብሎ የጠፋ ልጅ አልነበረም? እያንዳንዱ ባች የሚያስታውሰው ልጅ አለ። ችግሩ ያኔም ነበር፤ የተረፈው ነው ዛሬ የሚያወራው።

ሌላው የሚያበሳጨኝ ነገር የዊዝድሮዋል ጉዳይ ነው። በሕመም ምክንያት በሥርዓቱ ፎርም ሞልቶ፣ ከክሊኒክ ወረቀት ይዞ፣ ሬጅስትራር አሳውቆ የወጣ ተማሪ መመለስ የሚችልበት አሠራር አለ። ቦርሳውን ይዞ ሹልክ ያለ ግን ራሱን ለመከራ ይዳርጋል። ዝርዝሩ ከግቢ ግቢ ይለያያል፣ ስለዚህ ሳይመሽ ጠይቁ። ይህን ለፍሬሾች በመጀመሪያው ሳምንት መንገር ያቅታል? ስለ መታወቂያ መጥፋት ግማሽ ቀን ኦሬንቴሽን እንሰጣለን፣ ስለዚህ ግን ዝም!

ተማሪዎች፣ እስከዚያ ድረስ ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው። ክሊኒክ ስትገቡ በር ላይ ቆማችሁ እንዳትመለሱ። ሐኪሙ ቀና ብሎ ባያያችሁም ተናገሩ፦ «እንቅልፍ ካጣሁ ወር ሆኖኛል፣ ክፍል መግባት አቅቶኛል፣ ይህም ካርዱ ላይ ይጻፍልኝ» በሉት። ደፋር ሆናችሁ አይታይባችሁም፣ መብታችሁ ነው። ለፈተና ጫት ቅሞ ስፔስ ላይ ማደሩንም ተዉት። የተጠና ነገር አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው ስትተኙ ነው፤ ከዚያም በላይ ስሜቱ ለተረበሸ ሰው ሌሊቱን መንቃት እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

የዶርም ጓደኞች፣ በግቢ ውስጥ እውነተኛው የድጋፍ አገልግሎት እናንተ ናችሁ፤ ደመወዝ ባይከፈላችሁም። ጓደኛችሁ ከሰው ከራቀ፣ ዕቃውን ማደል ከጀመረ፣ «ባልኖር ይሻላል» ካለ፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ብዙውን ጊዜ እፎይ ያሰኘዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። ክኒንም ሆነ ስለት ያለውን ነገር አርቁ። ሌሊት ከሆነ ፕሮክተሩን ቀስቅሱ፣ ክሊኒኩ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ከዚያ አቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለት። «ለማንም እንዳትነግሩብኝ» ቢልም ንገሩ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን አይደለም!

እናትና አባት፣ ስልክ ስትደውሉ «ትምህርት እንዴት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ማታ ትተኛለህ ወይ? ከማን ጋር ነው የምትበላው?» በሉት። «ትምህርቱን ላቋርጥ» ካለ «ሰው ምን ይላል?» የሚለውን ዋጡትና ምን እንደሆነ ጠይቁት። ጸበሉንም ዱዓውንም እኔ አልከለክልም፤ ብቻ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አታስቁሙት። አንድ ሴሚስተር ታክሞ የተመለሰ፣ ከዚያም የተመረቀ ልጅ አውቃለሁ፤ አንድ ብቻም አይደለም።

አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ። ግቢ ያላችሁ ሁሉ፣ የግቢያችሁ የምክር አገልግሎት ቢሮ የት ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ፍሬሾች እያነበቡ ነው። የማታውቁም «አላውቅም» ብላችሁ ጻፉ፤ እሱም ለኃላፊዎቹ መልእክት ነው።